«ቤተሰብ ነን» ይሉኛል፤ ደመወዜን ግን ቆረጡት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የተጻፉት ከማስታወቂያ ድርጅቶች ነው። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። እኔም ማስታወቂያ በሚጽፍና በሚያትም ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ደመወዝ ስከፍል ስለኖርሁ፣ ዛሬ ሌላውን ሁሉ አሳድሬ እዚህ ላይ እቆያለሁ። ስለ አጥርና ድንበር የጻፉልኝ የአዘዞው አባት ለሚቀጥለው ወር ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ባለ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በግራፊክስ ዲዛይነርነት ስሠራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች ነን። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፣ እሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል። ስቀጠር «እዚህ ቤት አለቃና ሠራተኛ የለም፣ ቤተሰብ ነን» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እናቴ በሌሊት የታመመች ጊዜ በራሳቸው መኪና ሆስፒታል አድርሰውልኛል፤ ይህን አልክድም።

ከዚያ ጥር መጣ። ለጥምቀት የሆቴሎች ባነር፣ የማኅበራት ቲሸርትና የእንኳን አደረሳችሁ ሰሌዳ ተደራርቦ፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስቱንም ቀን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሠራን። መደበኛ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ነው። ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ማንም አላነሣም። የከተራ ዕለት ምሳ ተጋበዝንና አንዳንድ ቲሸርት ተሰጠን። አርብ ሌሊት ግን ስድስት ሜትር ባነር ላይ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ» የሚለውን «እንኳን ለብርሃነ ጥቅምቱ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ሳያየው ታትሞ ጠዋት ተሰቀለ። ደንበኛው እየጮኸ ደወለ፤ ባነሩም ወርዶ እንደገና ታተመ። የጥር ደመወዜን ስቀበል ከ9,000 ብር ላይ 4,200 ብር ተቆርጧል። ስጠይቅ «በቤተሰብ ውስጥ ያጠፋ ልጅ ይቀጣል» አሉኝ።

ሌላው ቡናው ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። የምናፈላው እኔና የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ነን፣ በተራ። ከእኔ በኋላ የተቀጠረው ዲዛይነር ወንድ ስለሆነ አንድ ቀን ሲኒ አጥቦ አያውቅም። ደንበኛ ሲመጣ እሱን «ባለሙያችን» ብለው ያስተዋውቁታል። እኔን «የእኛ ልጅ ናት፤ እስቲ ቡና አምጪ» ይሉኛል። ደንበኛው ፊት የተዘረጋው ሥራ ግን የእኔ ነው። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ? እናቴ «እንጀራሽን አትርገጪ» ትለኛለች።

ስሜ ይቆይ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ «ጥቅምቱን» ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ይቅር በይኝ። አንቺም አንድ ቀን ትስቂበታለሽ። ሁለት ፊደሎች ቦታ ተለዋወጡ፣ ጥምቀት ጥቅምት ሆነ፣ የጎንደር ሕዝብም ለከተራ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሊወርድ ሲዘጋጅ ጥቅምት ተሰቅሎ ጠበቀው። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ከአንቺ በኋላ ያንን ባነር ማን አየው?

እኔ በሠራሁበት ቤት ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት የእርማት ወረቀት ይወጣል። አንድ ያልጻፈው ሰው ያነበዋል፣ ከዚያ ደንበኛው አይቶ ይፈርምበታል። ይህ የሚደረገው የጻፈ ሰው የራሱን ስሕተት ስለማያይ ነው። ዓይን የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያነባል። ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ በአምስተኛው ሌሊት፣ ይህ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጥፋት አለ፤ ግን የአንቺ ብቻ አይደለም። እርማት የሌለበት ቤት የከፈተ ሰው ጥፋት አለበት። ስድስት ሌሊት ያስመሸም ሰው ጥፋት አለበት።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማስታወቂያ በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ ነበር የሚጻፈው። አንድ ሠዓሊ ነበረን፤ ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ የሚያምር፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ቀን የአንድ ሱቅ ስልክ ቁጥር ሲጽፍ ሁለት አኃዝ አዛወረ። አሠሪያችን «120 ብር ቁረጪበት» አሉኝ። ደመወዙ 300 ብር ነበር። ቆረጥሁ። ሰውየው የመክፈያ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈረመ። ጣቱ ላይ ቀይ የዘይት ቀለም ነበረና ከፊርማው ጎን የአውራ ጣቱ ግማሽ ታተመ። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተሩ መዝገቡን ሲገልጥ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቀለም ነው» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ብር ከፍዬ ረስቻለሁ፤ ያችን 120 ብር ግን አልረሳኋትም።

ስለዚህ የምነግርሽን እንደ ደመወዝ ቆራጭ ስሚኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በፈለገው ጊዜ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ወይ ሕግ፣ ወይ የኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የሚዋዋሉት)፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይ አንቺ በጽሑፍ የሰጠሽው ስምምነት መኖር አለበት። ስትቀጠሪ የፈረምሽውን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ። «የሥራ ደንብ» የሚል ነገር ካለ ስለ ቅጣትና ስለ ቆረጣ ምን ይላል? አንዱ ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። የ9,000 ብር አንድ ሦስተኛ 3,000 ብር ነው። አንቺ የተቆረጠብሽ 4,200 ነው። እንግዲህ ጋሼ የፈለጉትን ወረቀት ቢያወጡ 1,200ው ብር መቆሚያ የለውም።

ወደ ሌሊቶቹ እንምጣ። በሕጉ መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንቺ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ጨምረሻል፤ በስድስት ቀን 45 ሰዓት። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው የሰዓት ደመወዝሽ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን ቢሆን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ቢሆን በ2.5 ይባዛል። ካልኩሌተሬን አወጣሁልሽ። እኛ እንደምናደርገው 9,000ን ለ26 ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት ሳካፍለው የሰዓትሽ ዋጋ 43 ብር ከ27 ሳንቲም መጣ። እስከ 4 ሰዓት ያለው 27 ሰዓት 1,752 ብር፣ ከዚያ በኋላ ያለው 18 ሰዓት 1,363 ብር፤ በድምሩ 3,115 ብር ገደማ። በዚህ ፋንታ የተሰጠሽ አንድ ምሳና አንድ ቲሸርት ነው። ቲሸርቱን ራስሽ ዲዛይን አድርገሽው እንደሆነም እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው ወይም ወኪሉ ያዘዘው ሲሆን ነው። ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት መመዝገብ ያለበትም አሠሪው ነው። የእናንተ ቤት እንደማይመዘግብ ሳትነግሪኝም አውቃለሁ። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢና ቀኑን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ ያዘዘሽን ሰው፣ የሠራሽውን ሥራ ጻፊ። «ዛሬ ማንም ቶሎ አይወጣም» የሚል የቴሌግራም መልእክት ካለ አታጥፊው። በዚያ ሳምንት ፋይሎችሽን ያስቀመጥሽበት ሰዓትም ኮምፒውተሩ ላይ ተመዝግቧል።

አሁን ከሁሉ የከበደው፣ ያ የሌሊት መኪና። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አፍሽን የያዘው አዋጁን አለማወቅሽ አይመስለኝም፣ ውለታው ነው። እናትን በሌሊት ሆስፒታል ማድረስ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰውየው ልብ ደግ ነው። ግን እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሁለት መዝገብ አንድ ላይ ሲጻፍ አልወድም። ውለታ በውለታ ይመለሳል። እሳቸው ላይ ለቅሶ ሲወድቅ ድንኳን ተከዪ፣ ሲታመሙ ጠይቂ፣ ልጃቸውን ሲድሩ እንጀራ ጋግሪ። ደመወዝ ግን የሠራሽበት ነው፤ ማንም አልለገሰሽም። ደግሞ እኔ ባደግሁበት ቤት ሳህን የሰበረ ልጅ ይገሠጽ ነበር እንጂ የሳህኑ ዋጋ ከምሳው አይቀነስበትም ነበር። ጋሼ ሲያስመሹ አባት፣ ሲከፍሉ አሠሪ ከሆኑ፣ ሁልጊዜ የምትከፍይው አንቺ ነሽ ማለት ነው።

እንዴት ትንገሪያቸው? የሰኞ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት አይሁን። ከደመወዝ ሁለት ሦስት ቀን በፊት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ እናቴን ያደረሱባትን ሌሊት እስክሞት አልረሳም። ይህ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እርማት የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። የተቆረጠብኝ ከሕጉ በላይ ነው። የስድስት ሌሊት ትርፍ ሰዓቴም አልተከፈለኝም። ሒሳቡን ጽፌ አምጥቻለሁ፣ ይዩልኝ።» ወረቀቱን አስቀምጠሽ ውጪ። መልሱን እዚያው አትጠብቂ፤ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተይዞ እሺ ማለት ይከብደዋል፣ አንድ ሌሊት ካደረበት ይቀለዋል። ሌሎቹ ስምንቱም መሽተዋልና ቢቻል ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ። ዘጠኝ መሆናችሁ አንድ ነገር ያጎድልባችኋል። በአንድ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከአሥር በታች ያሉ ድርጅቶች ሠራተኞች ግን ተሰባስበው የጋራ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። በከተማችን ስንት ባነር ማተሚያ ቤት እንዳለ አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ።

እሺ ካላሉ፣ የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ላኪ፤ ይህ ወጋችን ነው፣ ጊዜውን ብቻ አይብላው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለት ጊዜው አልፎበታልና ተቀባይ አያገኝም። የጥር ወሩ ጥያቄሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስማማችኋል። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ስለ ቡናው ልንገርሽ፤ የማስታወቂያ ቤት ቡና አውቃለሁ። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ ከባነር ማተሚያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፤ የቀለሙ ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተደባልቆ አፍንጫን ሲሰነፍጥ፤ አቦሉ ሳይጠጣ ደንበኛ ሲገባ። በዚያች ግማሽ ሰዓት የቤቱ ወሬ ሁሉ ይነገራል። ሥራም ይከፋፈላል። ወንዶቹ «ይህን ሆቴል እኔ ልያዘው» ሲሉ አንቺ ጎንበስ ብለሽ የዕጣኑን ፍም ታራግቢያለሽ። የምትጎጂው በማፍላትሽ አይደለም፤ ሥራው የሚከፋፈለው አንቺ ጎንበስ ባልሽበት ሰዓት በመሆኑ ነው። አንቺ ዲዛይነር አይደለሽ? የዘጠኙን ስም፣ የጋሼንም ጨምረሽ፣ በፊደል ተራ አሳምረሽ ሥሪና «የቡና ተራ» ብለሽ ጀበናው በላይ ለጥፊ። ያ ወንድም «እኔ ቡና ማፍላት አላውቅም» ሲል ፎቶሾፕም አንድ ጊዜ አያውቅም እንደነበር በፈገግታ አስታውሽው። ቡናው ቢመርም ሦስት ሳምንት ጠጡለት።

ደንበኛ ፊት ደግሞ ጋሼ እስኪያስተዋውቁሽ አትጠብቂ። ሲኒውን አስቀምጪና «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቀለሙን ለምን እንዲህ እንደመረጥሁት ላስረዳዎት» በዪ። በሥራ ላይ የሠራሽው ሥራ የጥቅም መብት ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 መሠረት ግን «የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት መብት የአንቺው ነው። የሥራሽን ናሙና በፈቃድ ሰብስበሽ አስቀምጪ፣ ያስፈልግሻል።

ልልቀቅ ብለሽኛል። እናትሽ እንጀራ አትርገጪ ማለታቸው ልክ ነው፣ እኔም ዛሬ ልቀቂ አልልሽም። በዚህ ወር ተናገሪ፣ እስከ ግንቦት ጠብቂ። የሚስተካከል ከሆነ ደግ ሰው ያለበት ቤት ነው፣ ቆዪ። ካልሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ ውጪ። የሥራ ምስክር ወረቀት መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ያለ ክፍያ። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ካለም በገንዘብ ይታሰብልሻል። ስትወጪ ግን አትኳረፊ። ጎንደር ትንሽ ናት፤ በሚቀጥለው ጥምቀት ጃንሜዳ ሳይሆን ፋሲለደስ ደጃፍ ነው የምትገናኙት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። አምስት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት አለኝ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከሰሌዳ ሲወርድ አንድ ገቢያችን ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የፌስቡክ ገጽ የምናስተዳድርላቸው ደንበኞች ተዉን፤ ድምፅ ማጉያ በመኪና ጭነን በየሰፈሩ እየዞርን ኖርን። ያኔ አንድም ሠራተኛ አላሰናበትኩም። አሁን ሥራው ሲመለስ ሁለቱ ልጆች ደንበኛ ይዘው ወጡ፤ አንዱ ሰኞ ጠዋት ዝም ብሎ ቀረ። የሚቀጠሩትን የሁለት ዓመት ግዴታ ላስፈርማቸው?

ከጨጨላ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ ዓመት ሰው አለማሰናበትዎን ስሰማ ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር። የቀረብዎት ልጅ አጥፍቷል። የሙከራ ጊዜውን፣ ማለት 60 የሥራ ቀኑን የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሳያሳውቅ ከወጣ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ክርክሩ ከሚያተርፍልዎ ይልቅ የሚያስመሽዎ ይበልጣልና እኔ እተወው ነበር።

የሁለት ዓመቱን ግዴታ ይተዉት። በወረቀት የታሰረ ዲዛይነር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልቡ ሌላ ቦታ ይውላል፤ ሥራውም ያስታውቅበታል። የደንበኛ ዝርዝርና ዋጋ ይዞ እንዳይወጣ የሚል አንቀጽ በውል ውስጥ ማስገባት ግን ተገቢ ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደመወዝ በስንተኛው ቀን ይከፍላሉ? በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ ኢንተርኔት ጽፈዋል፤ ስለ ደመወዝ ቀን አንድ መስመር የለም። የእኛ ሥራ በሽታው ይህ ነው፤ ለጥምቀት ያሠራ ሆቴል በሚያዝያ ይከፍላል፣ እስከዚያ ሠራተኛው «ደንበኛ ሲከፍል» እየተባለ ይጠብቃል። ልጁ ደንበኛውን ይዞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ክፍያውን በቀጥታ ለማግኘት ነው። ከእንግዲህ ሥራ ሳይጀምሩ ግማሹን ቅድሚያ ይቀበሉና ደመወዝን በወሩ 30 ቀን ይክፈሉ። እንቢ የሚል ደንበኛ ይሂድ። እሱን ከቀሩት ልጆች አንዱ ይዞት ቢወጣም አይዘኑ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በማስታወቂያ ድርጅታችን መዋጮ በዝቶብኛል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፣ አሁን ደግሞ ልደት መጥቷል፤ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶው በድርጅቱ ገጽ ላይ ይወጣል። ባለፈው ወር 750 ብር ወጣብኝ። ባልከፍል ስሜ ይነሣል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ከሳሙና በር

መልስ፦ ልጄ፣ ለቅሶና ሠርግ ክፈል፤ ነገ በአንተም ደጃፍ ይመጣል። ልደቱ ግን ለድርጅቱ ገጽ ፎቶ ከሆነ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ድርጅቱ ይክፈለው። አለቃህን በጨዋታ አስመስለህ ይህንኑ ንገራቸው። ለቀረው ሁላችሁም በየወሩ እኩል 100 ብር በአንድ ሣጥን አስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሣጥኑ ይጠይቅ። ሒሳቡን የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ግን አትሁን።